የዚግበርት አጥር ከላይ ሲታይ

«አንድ ሦስተኛ? እኔን ከጠየቁኝ አንድ አምስተኛም አይሞላ! ሣር እንጂ ሌላ ምን አላት? ፍየል ቢያስሩበት ይሻል ነበር» አለች ሃይድሩን ከአጥሩ ወዲያ።

ከአጥሩ ወዲህ ታላቅ እህቷ ሮስቪታ ፎሶሊያው ሥር ተንበርክካ አረም ትነቅል ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሮስቪታ ጆሮ ግን ዛሬ ጠዋት ዘመድ ሆኖ ዋለ። አጥሩ የተከረከመ ቁጥቋጦ ነው፤ በማኅበሩ ደንብ ከደረት በላይ ማደግ ስለማይፈቀድለት ቆማ ቢሆን ኖሮ እህቷን ፊት ለፊት ታያት ነበር። ተንበርክካ ግን በቅጠሉ መሐል የታያት የሃይድሩን ሐምራዊ ሰደርያ፣ የሊቀመንበሩ የአቶ ኤክሃርት ነጭ ካልሲና ነጠላ ጫማ ብቻ ነው። ያ ሐምራዊ ሰደርያ ራሷ ሮስቪታ ከለበሰችው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ሁለቱም በአንድ ሐሙስ፣ ከአንድ ሱፐርማርኬት የቅናሽ ቅርጫት፣ እንዳልተያዩ ሆነው ጎን ለጎን ቆመው መርጠው የገዙት ነው።

«ዛሬ ከቀትር ጸጥታ በኋላ እንለካዋለን» አሉ አቶ ኤክሃርት። «ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀናታል። በሦስተኛው ውሉ ይቋረጣል። እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ደንብ ነው።»

«እኔ መቼ ክፉ ተመኘሁላት! ብቻ ማንዲ ልጄ የመሬት ወረፋው ላይ አንደኛ ስለሆነች ነው። ሣር ላይ ጋደም ማለት ነፍሷ ነው።»

«ሣር ላይ?»

«አትክልት መትከል ማለቴ ነው።»

የሮስቪታ ደም ፈላ። ብድግ ብላ አንድ ነገር ልትላት ነበር፤ ግን ብድግ ማለት በቀኝ ጉልበቷ የማይታሰብ ነው፤ ቀስ ብላ፣ አንድ እጇን ባልዲው ላይ ደግፋ፣ እያቃሰተች ተነሥታ ስታበቃ ነጠላ ጫማውም ሰደርያውም ሄደዋል። ደግሞስ ምን ትላታለች? ከእህቷ ጋር ቃል ከተለዋወጡ አሥራ አንድ ዓመት አልፏል። በሁለት የትራም ፌርማታ ተራርቀው እየኖሩ ለገና ፖስት ካርድ በፖስታ ቤት ይላላካሉ፤ «መልካም በዓል» ከሥሩ ሙሉ ስም ከነአባት፣ እንደ መብራት ኃይል ደብዳቤ።

ደንቡን የላይፕዚግ ሰው ከጡት ጋር ነው የሚጠባው። «ትጉሁ አካፋ» የሚባለው የአትክልተኞች ማኅበር የሚያከራይህ መሬት አንድ ሦስተኛው የሚበላ ነገር ሊበቅልበት ይገባል፤ የቀረው ላይ የሸራ ወንበርህን ዘርግተህ ሆድህን ለፀሐይ ስጥ። ደንቡ የወጣው ሰው ድንች አጥቶ በሚራብበት ዘመን ነው። ዛሬ ድንች በየሱፐርማርኬቱ ተቆልሎ ገዢ ሲያጣ ሰው ጠግቧል፣ ደንቡ ግን እስከ ዛሬ አልጠገበም። ሮስቪታ ዕድሜዋን ሙሉ ትራም የነዳች፣ ቢጫ መብራት እንኳ ያልጣሰች ሴት ናት፤ ነገር ግን ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ መደብ በመደብ እየተወች፣ የተወችው መሬት ሁሉ ሣር ሆነ። ሣር ማንንም አስፈቅዶ አይበቅልም። የምትኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የወጥ ቤቱ መስኮት የመኪና ማቆሚያ ያሳያል፤ ጎረቤቶቿ በየዓመቱ ይቀያየራሉ፤ ባሏ ዚግበርት ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ከእሷ ጋር የሚያወራ ቢኖር ማቀዝቀዣው ነው። ከሰው ጋር ሰላምታ የምትለዋወጠው፣ ስለ ቀንድ አውጣና ስለ ዝናብ የምታማርረው፣ ባጭሩ ሰው የምትሆነው እዚህች ቁራሽ መሬት ላይ ነው። እሷን ወሰዱባት ማለት ከነነፍሷ ቀበሯት ማለት ነው፤ ያውም ለማንዲ ጋደም ማያ!

ትራም ላይ ስትሳፈር ጉልበቷ ጭቃ እንደሆነ ነበር። ኮሚቴው የሚለካው ከመተላለፊያው ቆሞ የሚታየውን ነው፤ ከጎጆው ጀርባ ያለውን ድንች፣ ፖም ዛፉ ሥር ያለውን እንጆሪ ማን አይቶላት ያውቃል? ከላይ የሚያይ ቢኖር! እዚህ ላይ ስትደርስ አልጋዋ ሥር ያለው ካርቶን ትዝ አላት። አልጋዋ ሥር ያለው ነገር ብዙ ነው፦ የሚነፋ ጀልባ፣ የብየዳ መነጽር፣ የእግር ማሻ ገንዳ፣ ሁሉም ካርቶኑ ያልተከፈተ፣ ሁሉም በየሐሙሱ ቅናሽ የተገዛ። ጀልባ ምን ያደርግልሻል ብትሏት «ሃያ አራት ዩሮ ከዘጠና ዘጠኝ ነበር እኮ» ትላችኋለች፤ ከዚህ ወዲያ ክርክር የለም። ከጀልባውና ከመነጽሩ መሐል ካሜራ ያላት፣ መዳፍ የምታህል ድሮን ተቀምጣለች። በሃምሳ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ።

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቻት። አራት እግር፣ አራት ክንፍ፣ ክንፎቹ ላይ የድመት ጥፍር የማይችል ፕላስቲክ። በስልክ ነው የምትበረው፤ ስለዚህ አፑን ጫነች። አፑ ገና ሳይከፈት ያለችበትን ቦታ ልወቅ አለ፤ እሺ አለችው። ፎቶዎቿን ልይ አለ፤ እሺ። ማይክሮፎኑን አለ፤ እሺ። የወዳጆቿን ስልክ ቁጥር ሲጠይቅ ትንሽ ደነገጠች፣ ቀጥላ «ውሰድ፣ አንተ ከደወልክላቸው ያነሡ ይሆናል» ብላ ፈቀደች። መመሪያውን የተረጎመው ሰው ከቋንቋው ጋር የተጣላ ሳይሆን አይቀርም፤ «ውድ አብራሪ፣ ሰማይ የአንተ ደስታ ነው፤ እባክህ ሕፃንና ውሃ አትምታ» ይላል። ቀጥሎ ኮምፓሱን አስተካክል፣ ድሮኑን ይዘህ ሦስቴ ዙር አለ። ሮስቪታ በስድሳ ስምንት ዓመቷ፣ ድሮን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ፣ በምድጃና በማቀዝቀዣ መሐል ሦስቴ ዞረች። ከፊት ለፊቱ ፎቅ ሲጋራ የሚያጨሰው ሰውዬ ሲጋራውን ረስቶ አያት። በመጨረሻ ከስልኩ ውስጥ የሴት ድምፅ «ለመብረር ዝግጁ!» አለች፤ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ዜና አንባቢ ኮራ ብላ። ሮስቪታ ግን ሳትመዘገብ አትበርም፤ እንዲህ ያለ ነገር አያምራትም። ካርቶኑን የገዛች ዕለት የአብራሪነት ቁጥሯን አውጥታ፣ መድን ድርጅቷ ጋ ሄዳ ውሉ ላይ አስጨምራ ነበር። ያልተከፈተ ካርቶን ከነኢንሹራንሱ አልጋ ሥር ያስቀመጠች ሴት ናት።

ወደ መሬቷ ስትመለስ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው የቀትር ጸጥታ ነው። በዚያ ሰዓት «ትጉሁ አካፋ» ውስጥ ሰው በመዶሻ አይመታም፣ በመጋዝ አይቆርጥም፣ ሣር አያጭድም፤ በደንብ ያልተከለከለ ድምፅ ማንኮራፋት ብቻ ነው። ኮሚቴው ደግሞ ዘጠኝ ሲሞላ ይመጣል። መቼ ታብርር? ጸጥታ በመጣስና መሬት በማጣት መሐል ቆማ ዕድሜ ልኳን ያከበረችውን ነገር ሁሉ አሰበች፤ የማንዲን ጋደም ማለት አሰበች፤ ቁልፉን ተጫነች።

ወይ ጉድ፣ ያቺ መዳፍ የምታህል ነገር ያን ሁሉ ድምፅ ከየት አመጣችው! የተናደደ ተርብ የፀጉር ማድረቂያ ውስጥ የገባ ያህል ጮኸች። ሮስቪታ ራሷ አንገቷን ሰበረች። ድሮኗ ፎሶሊያውን አልፋ፣ ጎጆውን አልፋ፣ ፖም ዛፉን አልፋ ወጣች። ስልኩ ላይ የታየው ነገር ግን አፍ አስያዛት። የራሷ መሬት፣ ዕድሜዋን የቆፈረችው መሬት፣ መሐረብ ሆና መዳፏ ላይ ተዘርግታለች። ይኸው ድንቹ! ይኸው እንጆሪው! አፑ ስክሪኑን በቀጫጭን መስመር ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፤ ለፎቶ ውበት ነው ይላሉ፣ ሮስቪታ ግን የማኅበሩን ደንብ አንብቦ የተሠራ መሰላት። መሬቷን ከመስመሮቹ ጋር አስተካክላ አየች። የሚበላው ሁሉ አንዱን ክፍል ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ግን አልሞላም፤ አንድ ጠባብ ንጣፍ የምታህል ሣር ትተርፋለች። ደግማ አስተካከለች፤ ያው ነው።

የዚያን ጊዜ ነው ያየችው። በመተላለፊያው ግራና ቀኝ የተደረደሩት የጎረቤት አጥሮች ሁሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቀጥ ብለው ወርደዋል። አንዱ ብቻ ነው ያበጠው። የእሷና የሃይድሩን አጥር ከፊት ቀጥ ብሎ ይነሣና ከጎጆው አጠገብ ሲደርስ ሆዱን ገፍቶ ወደ ሃይድሩን ይገባል፤ ከጀርባ ደግሞ ምንም እንዳልሠራ ሰው ተመልሶ ይሰለፋል። ከመሬት ሆኖ ማንም አያየውም። የስልኩ መስመር አጠገቡ ቀጥ ብሎ ሲወርድ ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል።

ዚግበርት! የድሮው የእንጨት አጥር ሲበሰብስ፣ ሃይድሩን ከባሏ ጋር ለሁለት ሳምንት ባልቲክ ባሕር ዳር በሄደችበት፣ ይህን ቁጥቋጦ የተከለው ዚግበርት ነበር። ሃይድሩን ቆዳዋ ተልጦ ስትመለስ አጥሩን አንዴ አየችና «ባልሽ መሬቴን ወስዷል» አለች። የመሬቱ የድሮ ፕላን በማኅበሩ ክበብ ምድር ቤት በጎርፍ ጊዜ ረጥቦ ጠፍቷል፤ የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር ደግሞ የዚግበርት የካርታ ጓደኛ ስለነበር በዓይኑ ለክቶ «ልክ ነው» አለ። ሮስቪታ በእናታቸው ስም ምላ «ባሌ ሌባ አይደለም» አለች። ዚግበርት እዚያው ቆሞ ነበር፤ ያኔ ለምን ጫማውን ሲያይ እንደነበር ዛሬ ገና ገባት። ከዚያ ቀን ወዲህ እህትማማቾቹ በፖስት ካርድ ሆኑ። ዚግበርትም ሞተ፤ የሃይድሩን ባልም ሞተ፤ አጥሩ ብቻ ለመለመ።

ስልኩን ወደ ዓይኗ ስታቀርብ አውራ ጣቷ ስክሪኑ ላይ አንዱን ምልክት ነካ። «ተከተለኝ!» አለች ሴትዮዋ ከስልኩ ውስጥ በደስታ። ድሮኗ ባለቤቷን ልትከተል ቁልቁል ወረደች፤ የምትለያት ደግሞ ስትነሣ ባየችው ሐምራዊ ሰደርያ ነው። ያገኘችው ሐምራዊ ሰደርያ ግን ከአጥሩ ወዲያ የሸራ ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር። ሃይድሩን ዓይኗን ስትገልጥ አንዲት ካሜራ ከአፍንጫዋ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆማ ታያታለች። ብድግ አለች፤ ድሮኗም ብድግ። ወደ ጎጆዋ ሮጠች፤ ድሮኗም ተከተለች። በቲማቲሙ መሐል ዞረች፤ ድሮኗም ዞረች። «ባትሪ ደካማ! ባትሪ ደካማ!» እያለች ሴትዮዋ ሠፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰች። ሃይድሩን በመጨረሻ የውሃውን ጎማ አንሥታ እንደ እሳት አደጋ ሠራተኛ ለቀቀችባት፤ ሃምሳ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ ሦስቴ ተገለባብጣ ብስባሽ ክምር ውስጥ ገባች። ፎቶው ስልኩ ውስጥ ነው፤ እሱን ውሃ አልነካውም።

ከየጎጆው ሰው ወጣ። አንዳንዱ ባዶ እግሩን፣ አንዳንዱ ፊቱ ላይ የትራስ ሰንበር እንዳለ። አቶ ኤክሃርት ሜትር ያዥዋን የኮሚቴ ሴት አስከትለው፣ ሸሚዛቸውን እየቆለፉ ደረሱ።

«ወይዘሮ ሮስቪታ! በጸጥታ ሰዓት!» አሉ፤ ይህንኑ ራሱን በሹክሹክታ፣ ጸጥታ ነውና።

«ሰለለችኝ! ስተኛ ቀረጸችኝ!» ሃይድሩን ግን ሹክሹክታ ረስታለች። «ይኼ ለመቋረጥ አይበቃም?»

«ያ ነገር የመንግሥት ምዝገባ አለው?» አቶ ኤክሃርት ጠየቁ።

«አለው።»

«ኢንሹራንስስ?»

«ከነሙሉ ካሳው።»

ከሰዉ መሐል «አሃ» የሚል የአክብሮት ድምፅ ተሰማ። ሜትር ያዥዋ ሰው ሁሉ ከተሰበሰበ አይቀር አሁን እንለካ አለች፤ አቶ ኤክሃርት ግን በጸጥታ ሰዓት የኮሚቴ ሥራ እንደማይሠራ አስታወሷት። ስለዚህ ሁሉም ባለበት ቆሞ ዘጠኝ ሰዓትን ጠበቀ። የሚበዙት ሄደው ሊተኙ ይችሉ ነበር፤ ግን የሰው መሬት ሲወሰድ ማየት እንዲያመልጠው የሚሻ ማነው? ሁለቱ እህትማማቾች ከአጥሩ ወዲህና ወዲያ፣ በአንድ ዓይነት ሰደርያ፣ እጃቸውን በአንድ ዓይነት አጣጥፈው፣ አንዷ የአንዷን ጫማ ታያለች። ወፍ ከአጥሩ ውስጥ ብርር ብሎ ወጣ፤ ተመልሶ ገባ።

ሮስቪታ ስልኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ታስባለች። ዝም ብትል ይለካል፤ ይጎድላል፤ መሬቷ ይሄዳል፤ ዚግበርት ግን በስሙ ይቀራል። ብትናገር ያቺ ያበጠች ሣር ወደ ሃይድሩን ትሄዳለች፤ መሬቷ ይጠብና አትክልቷ ሦስተኛውን ይሞላል። ግን ዚግበርት በሠፈሩ ሁሉ ፊት ሌባ ይሆናል፤ እሷም በእናቷ ስም በሐሰት የማለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እህቷን ቀናተኛ ነሽ፣ ውሸታም ነሽ ስትል ኖራለች። ሙቶ እንኳ አያርፍም፣ አለች በልቧ ስለ ዚግበርት፤ ቀጥላ እንዲህ በማለቷ አለቀሰች፤ ትንሽ ብቻ፣ ማንም ሳያያት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ከየጎጆው የሣር ማጨጃ ሞተር ባንድ ጊዜ ተነሣ። ሜትሩ ተዘረጋ። ከጎጆው ጀርባ ያለውን ድንችም፣ ፖም ዛፉ ሥር ያለውን እንጆሪም በሥነ ሥርዓት ቆጠሩላት። አቶ ኤክሃርት ደመሩ፣ አካፈሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ምንም አልቀረዎትም ነበር» አሉ፤ እውነትም ያዘኑ ይመስላሉ። «ግን ጎደለ።»

ሃይድሩን ትንፋሽዋን ለቀቀች። ሮስቪታ ሁለት እርምጃ ወደ አጥሩ ሄደችና ስልኩን በአጥሩ ላይ አሻግራ ዘረጋች።

«ወስዶብሻል» አለች። ድምፅዋ ከሣር ማጨጃው በላይ ለመውጣት ጮክ ማለት ነበረበት፤ ስለዚህ ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። «ዚግበርት መሬትሽን ወስዶብሻል። ይኸው፣ ከላይ ይታያል። አንቺ ነሽ ልክ። ውሰጂው።»

ሃይድሩን ስልኩን ተቀበለች። አቶ ኤክሃርትም አንገታቸውን አስገቡ፤ ሜትር ያዥዋም። ከዚያ ከፊተኛው ካስማ እስከ ኋለኛው ካስማ ገመድ ተወጠረ። ገመዱ አጥሩን ትቶ በሮስቪታ ሣር መሐል አለፈ። የሃይድሩን ፊት መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ ቀጥሎ አሥራ አንድ ዓመት የተጠራቀመ ነገር ባንዴ ወጣ።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! አላልኩም? ሁላችሁም እብድ ናት ስትሉኝ አላልኩም? ይኼ መሬት የእኔ ነው! እስከዚህ፣ እስከዚህ ገመድ ድረስ፣ እስከ መጨረሻዋ ሣር የእኔ ነው!»

«ይመዝገብ» አሉ አቶ ኤክሃርት። ደመሩ፣ አካፈሉ። «ወይዘሮ ሮስቪታ፣ በጠበበው መሬትዎ ሲሰላ አንድ ሦስተኛውን ሞልተዋል። እንኳን ደስ አለዎት።» መነጽራቸውን እንደገና አደረጉ። «ወይዘሮ ሃይድሩን፣ እርስዎ ግን መሬትዎ ሰፋ እንጂ አትክልትዎ አልሰፋም። የተጨመረልዎ ሣር ነው። አሁን የጎደለው እርስዎ ጋ ነው።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ሃይድሩን ከአጥሩ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች።

«የእኔ አይደለም» አለች።

«አሁን አይደል እንዴ የእኔ ነው ያሉት?»

«ልቧን ደስ እንዲላት ብዬ ነው። መሬቱ የእሷ ነው። ዚግበርት ጨዋ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው!»

«ሌባ ነበር!» አለች ሮስቪታ። «ያንቺ ነው! ውሰጂ!»

«አልወስድም!»

ሰዉ ሳቀ። ሁለቱ እህትማማቾች አሥራ አንድ ዓመት ዝም ተባብለው ኖረው፣ ዛሬ ሲነጋገሩ አንዲት ንጣፍ ሣር እንደ ትኩስ ድንች አንዷ ወደ አንዷ ትወረውራለች። አቶ ኤክሃርት እጃቸውን አነሡ። ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ ደንብ ያረጀባቸው ናቸው። ኮሚቴው አሁን ወደ መተላለፊያው ጥግ እየለካ እንደሚሄድና ሲመለስ ያገኘውን እንደሚመዘግብ ተናገሩ። በመሐሉ ሣሩ ላይ የሚበላ ነገር ከተገኘ ተገኘ፤ ካልተገኘ ወይዘሮ ሃይድሩን የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያዋን ትቀበላለች።

«አጥሩንስ?» አለች ሃይድሩን። «እንንቀለው?»

«አይነካም! ወፍ ጎጆ ሠርቶበታል። እስከ መስከረም መጨረሻ አጥር መንቀል ክልክል ነው።»

«ታዲያ ወደ መሬቴ በየት ልግባ?»

አቶ ኤክሃርት የሮስቪታን በር በጣታቸው አሳይተው ሄዱ። ሰዉም ተበተነ። ሃይድሩን ጎጆዋ ገባችና የተረፈ የባሮ ሽንኩርት ችግኝ በሣጥን ይዛ ወጣች፤ መተላለፊያውን ዞረች፤ አሥራ አንድ ዓመት ያልረገጠችውን በር በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ገባች። ዙሪያዋን አየች። የአባታቸው አግዳሚ ወንበር እዚያው ፖም ዛፉ ሥር ነበር፤ እሱን ሳታይ ለማለፍ ሞከረች፣ አልቻለችም።

«አካፋሽን አምጪ» አለች።

ሮስቪታ አመጣች። አንዷ ሣሩን ትገለብጣለች፣ ሌላዋ አፈሩን እያራገፈች ትወረውራለች። «እንዲህ አይደለም የሚያዘው፤ ትራም መሰለሽ?» ትላለች ሃይድሩን። «አንቺ ዝም ብለሽ ትከዪ» ትላለች ሮስቪታ። ጉልበቷ ሲከዳት ሃይድሩን ባልዲ ገልብጣ አስቀመጠችላትና አካፋውን ተቀበለቻት። ኮሚቴው ሲመለስ ሁለቱም ላብ በላብ ሆነው፣ የባሮው ችግኝ እንደ ሰከረ ሰው ግማሹ ወደዚህ ግማሹ ወደዚያ ጋደል ብሎ፣ ግን ተተክሎ አገኛቸው። አቶ ኤክሃርት ለኩ፣ አካፈሉ፣ «ሞልቷል» ብለው ጻፉ፤ ችግኙ በየቀኑ ውሃ እንደሚፈልግ አስጠንቅቀው ሄዱ።

ሮስቪታ ከቴርሞሱ ቡና ቀዳች፤ አንድ ክዳን ብቻ ስለነበር ተቀባበሉት። አልተያዩም። ሃይድሩን ወደ አጥሩ ሆድ ትመለከት ነበር።

«ባልሽ ግን ሌባ ነበር» አለች።

«ነበር» አለች ሮስቪታ። «ይቅር በይኝ። አንቺን ውሸታም ያልኩሽ እሱን አምኜ ነው።»

ሃይድሩን ክዳኑን ጨልጣ መለሰችላት፤ ዓይኗን በሰደርያዋ ጫፍ ጠረገች፤ ሮስቪታም በሰደርያዋ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ ሃይድሩን ተነሥታ ወደ ራሷ ግቢ ዞረች፣ ብስባሹ ውስጥ እጇን ሰድዳ ድሮኗን አወጣች፣ አንድ ክንፏ ጎድሎ የድንች ልጣጭ ተለጥፎባት በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠቻት።

«ስንት ገዛሻት?»

«ሃምሳ ዘጠኝ ከዘጠና ዘጠኝ።»

«እኔም ጋ አንድ አለች» አለች ሃይድሩን። «አልጋ ሥር። ካርቶኗ አልተከፈተም።»

ሮስቪታ ሣቋን ልትውጠው ሞክራ አቃታት።

«ነገ ውሃ ልታጠጪ ስትመጪ ይዘሻት ነይ» አለች። «ከሰባት ሰዓት በፊት ግን።»